ሠላሳ አንድ ቆርኪ

ራዕይ ሁለት ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ የእትዬ ጫልቱን በር ሦስት ጊዜ አለፈችው። በመጀመሪያው ስልክ የተደወለላት አስመስላ አለፈች። በሁለተኛው የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች፤ ጫማዋ ክር አልነበረውም። በሦስተኛው የምታስመስለው ነገር አለቀባት። ኮልፌ ውስጥ በአንድ በር ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ነው። ራዕይ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም፤ ቢሆንም ለሌባው ትቀርባለች።

«ግቢ እንጂ» አለች እትዬ ጫልቱ ከውስጥ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ እያየሁሽ ነው።»

ቤቱ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ የአሥራ አንድ ዓመቷ ውዳሴ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች በጄሶ ተጠፍንጎ ተጋድማለች። የዓመት ከመንፈቅ ወንድሟ ሶሊ ጄሶውን በማንኪያ ይመታል፤ ድምፁ ደስ ብሎታል። እግሯ ከተሰበረ ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። ከጋራዦቹ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከጓደኞቿ ጋር ሱዚ ስትጫወት ወደ ኋላ የመጣ አይሱዙ ነው የገጫት። ያውም እየዘለለች አይደለም። ላስቲኩን በእግሯ ወጥራ የቆመችው እሷ ነበረች፣ በመንገዱ በኩል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን አስቸገረሽ» አለች እትዬ ጫልቱ ፌስታሉን እየተቀበለች። አስኮ ገበያ ሽንኩርትና ድንች የምትቸረችር፣ ድምጿ ከሚዛኗ ቀድሞ የሚታወቅ ሴት ናት። ልጅቷ ከተሰበረች ወዲህ ገበያ አልወጣችም። «እኔን የሚያበግነኝ ሌላ አይደለም። ሜዳ ተሠርቶላቸው የለም እንዴ? አንቺ ራስሽ በብየዳ እጅሽን ያቃጠልሽበት ሜዳ። እሱን ትታ አስፋልት ዳር ምን ልትለቅም ሄደች? እግሯ መሰበሩን ሳላውቅ እዚያው በነጠላ ጫማ ሁለቴ አቀመስኳት፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

«ልጅ ናት፣ እትዬ ጫልቱ።»

«ልጅስ ልጅ ናት። ጀርባዋ ላይ ይሄ ቢኖር ኖሮስ?» በአገጯ ወደ ሶሊ አመለከተች። ውዳሴ ወንድሟን ሳታዝል የምትወጣበት ቀን አልነበረም። ያን ቀን እናቷን አሟት ቤት ስለዋለች ነው ጀርባዋ ባዶ የሆነው።

ራዕይ ከፌስታሉ አንድ ብርቱካን አወጣች።

ውጭ «ውሃ መጣች» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ጫልቱ ሶሊን በአንድ እጇ፣ ሁለት ባዶ ጀሪካን በሌላው አፈፍ አድርጋ፣ «እንዳትሄጂ፣ ተራ ይዤ ልምጣ» ብላ ወጣች። ውዳሴ የእናቷ እርምጃ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ራዕይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ለማሚ ግን እንዳትነግሪያት።»

«ጠይቂኝ።»

«የልጆቹን ቆርኪ ባላስበላ ኖሮ ሊሾው ይሠራ ነበር?»

ራዕይ በእጇ የያዘችውን ብርቱካን አገላበጠችው። «የምን ቆርኪ?» አለች፤ የምን ቆርኪ እንደሆነ ከማንም በላይ እያወቀች።

«የምርጫው ቀን የሰጠሽንን። ሰብስቡና ለኔ ስጡኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስምንት ሴቶች ነበርን፤ አምስት አምስት ሲሆን አርባ። ወንዶቹ ብዙ ናቸው፣ በአርባ አናሸንፋቸውም፣ እኔ አስይዤ ሰማንያ ላድርገው አልኩ። በቆርኪ ጎበዝ ነኛ። ግን ዩሱፍ በላኝ። ሁሉንም።» የጄሶውን ጫፍ በጥፍሯ መቧጠጥ ጀመረች። «ከዛ ወዲህ ‹ሜዳችንን ያስበላሽው አንቺ ነሽ› ይሉኛል። ሱዚ ሲያጫውቱኝ ሁልጊዜ ወጣሪ ነኝ፣ አልዘልም። በመንገዱ በኩል የምቆመውም እኔ ነኝ። ቅጣቴ ነው። እውነታቸውን እኮ ነው።»

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰፈሩን ሁሉ በአፏ ስትሸነቁጥ የኖረችው ራዕይ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር አጣችው።

«እንጃ» አለች። «ብርቱካን ልላጥልሽ?»

ስለ ራዕይ ምላስ ኮልፌ ውስጥ ያልሰማ ካለ እንግዳ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲጥላት ያለቀሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ከመዝገቡ ብየዳ ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በር ሲበየድ ማየት ጀመረች። ማንንም አስተምረኝ አላለችም። አይታ፣ ነክታ፣ ተቃጥላ ተማረች። ንድፍ ማውጣትን ደግሞ ባትሪው አብጦ ጀርባው በላስቲክ ከታሰረ ስልኳ ላይ ለቀመችው። አንድ ባለ ዲግሪ መሐንዲስ ፈገግ ብሎ «የት ነው የተማርሽው?» ቢላት «እኔስ የትም። አንተ የተማርክበትን ግን አይቼዋለሁ፤ በርህ አይዘጋም» ያለችው እስከ ዛሬ ይተረታል።

ባሮክ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ለልጆች የመጫወቻ ቦታ ከሚሠራ ድርጅት የመጣ፣ ሠላሳ ያልሞላው አርክቴክት፣ ከእንግሊዝኛው መሃል አማርኛውን ፈልጎ የሚያወጣ ጨዋ ልጅ። ከጎሚስታው ጀርባ ያለውን ባዶ ሜዳ ሊያሠራ ነው፤ ንድፉን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ አለ። ሦስት ሥዕል ተዘጋጀ። አንዱ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ነው። አንዱ ሴቶቹ ልጆች ስለጠየቁ የገባ ሊሾ ነው፦ ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል፣ በላዩ የቆርቆሮ ጥላ፣ ዳር ዳሩን አጭር የመቀመጫ ግንብ፤ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበት፣ ያዘሉትን ሕፃን አውርደው የሚያስቀምጡበት። የመጨረሻው በሽቦ የታጠረ የኳስ ሜዳ ነው፣ መግቢያው ላይ በቱቦላሬ ብረት የተሠራ ቅስት ያለው። ያ የራዕይ ነው። ባሮክ «አንዱን አንቺ ሞክሪው» ብሏት ሁለት ሳምንት የለፋችበት፣ ስሟ የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት። ስለ ሊሾው ሲነሳባት ከንፈሯን ገልብጣ «ሊሾ ደግሞ ዲዛይን ነው እንዴ? ሊሾ ማንም ያፈሳል» ትል ነበር። እሷ ራሷ ታናሽ እህቷን አዝላ በሜዳ ጥግ ቆማ ያደገች ናት። ረስታው አይደለም። ማስታወስ ስላልፈለገች ነው።

የአመራረጡ ዘዴ የባሮክ ነበር። ማንበብ የማይችሉትም እንዲመርጡ ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ምልክት ይሰጠዋል፤ ከየሥዕሉ ፊት ባልዲ ይቀመጣል፤ ልጁ በወደደው ባልዲ ይጥላል። ምልክቱ ምን ይሁን ሲባል «ቆርኪ» ያለችው ራዕይ ናት፤ ከየግሮሰሪው በነፃ ይለቀማል። ባሮክ በሐሳቡ ተደሰተ። እሱ ባደገበት ግቢ ቆርኪ ቆሻሻ ነው። ኮልፌ ውስጥ ግን የልጅ ሀብቱ ነው። ክብ አስምረው መሃል ይደረድሩታል፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ እየመቱ ከክቡ ያስወጡትን ይበላሉ፣ የተበላ ልጅ ኪሱን ገልብጦ ቤቱ ይገባል። ባሮክ ይህን አያውቅም። ራዕይ ታውቃለች።

በዕለቱ ስልሳ አራት ልጅ መጣ። ባሮክ አየር ጤና ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት «ደረስኩ ደረስኩ» እያለ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። ራዕይ ልጆቹ እንዳይበተኑባት ብላ ቆርኪውን አስቀድማ አደለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሜዳው በክብ በክብ ተሞላ። ወንዶቹ የቆርኪ ሊቃውንት ናቸው፤ ከሴቶቹ ደግሞ ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ልጅ አለ፣ ጎንበስ ብለው ማነጣጠር አይመቻቸውም። ራዕይ ቆማ አየች። «ተዉ፣ ይሄ መምረጫ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዐይኗ ግን ከቃሏ ቀድሞ ማን እያሸነፈ እንደሆነ፣ ያ አሸናፊ ደግሞ የማንን ሥዕል እንደሚወድ አየ። ቃሉን መልሳ ዋጠችው። ያኔ በቀላሉ ወረደላት።

ውዳሴ ሶሊን እንዳዘለች ባዶ እጇን ዘርግታ መጣች። «ተበላሁ። ሌላ ትሰጪኛለሽ?»

«ማን ተበዪ አለሽ?» አለቻት ራዕይ።

በአጠገቡ የነበሩት ወንዶች ሳቁ። ራዕይም አብራ ሳቀች፤ ጥሩ የመለሰች መስሏት።

ሲቆጠር ለኳስ ሜዳው ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ለዥዋዥዌው ሰባ ስምንት፣ ለሊሾው ሠላሳ አንድ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ «በልጆቹ ነፃ ምርጫ» የሚለውን አማርኛ የጻፈችው ራሷ ራዕይ ናት።

ሜዳው በሦስት ወር ተሠራ። ቅስቱ እውነትም ያምራል። አጥሩ ግን መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ወሰደው። ሴቶቹ ቀድሞ ይዘሉበት የነበረው፣ ከግንቡ ሥር ያለው ደልዳላ ቦታ ከሽቦው ውስጥ ቀረ። ወር ሳይቆይ ትንንሾቹን ወንዶች እንኳ ጎረምሶቹ አባረው ሜዳውን ያዙት። ሴቶቹ ልጆች መንገድ ዳር ወጡ። ራዕይ ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ ታያቸው ነበር። ጋራዦቹ ጋ ስትደርስ ስልኳን አውጥታ ማየት ልማድ ሆነባት።

የወጋ ይረሳል ይባላል። ራዕይ አልረሳችም ነበር፤ የማስታወስ ተራው የሌላ ሰው መስሏት ነው እንጂ። አሁን ግን በዚያ ፍራሽ ላይ የእሷን ጥፋት አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አንስታ ተሸክማው አገኘች። ከምታዝለው ወንድሟ በላይ።

ከእትዬ ጫልቱ ቤት ወጥታ ብየዳ ቤት ሳትደርስ ባሮክ ደወለ።

«ራዕይ፣ ኮንግራ! ቅዳሜ ጠዋት ወረዳ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ከአስኮና ከአየር ጤና የሰፈር ኮሚቴዎች ይመጣሉ። ያንቺን ዲዛይን ለሁለቱም ሰፈር ሊወስዱት ነው። እንደ ዲዛይነር ትቀጠሪያለሽ፤ ‹ዲግሪ የላትም› የሚለውን እኔ ጨርሼዋለሁ። የልጆቹን ምርጫ አንቺ ታቀርቢያለሽ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች። ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረችው ስልክ ነበር።

አርብ ዕለት የመስኮት ፍሬም ስትበይድ ሁለት ጊዜ አጣመመች። መዝገቡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያት። ሠላሳ ዓመት የበየደ፣ ቅንድብ የሚባል ነገር ያልተረፈለት ሰው ነው።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ የከሰል ጆንያ መስሏል።»

ነገረችው። ከማንም በፊት ለሱ ነገረችው፤ ቀለል አድርጎ እንደሚያይላት ታውቃለችና።

«ቆርኪ?» አለ። «ለቆርኪ ነው እንዲህ የሆንሽው? ስሚ፣ እኔ ስንት ጠማማ በር ሠርቻለሁ። አንዱም ቤት ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኩም።»

«ጠማማ በር ባለቤቱ ያየዋል፣ ጋሽ መዝገቡ። ይሄን ማንም አያየውም።»

«ካላየው ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«እሱ ነዋ።»

መዝገቡ የጠመመውን ፍሬም አነሣው። «ሹፌሩ ነው የገጫት፤ አንቺ መኪና አልነዳሽ። ሁለተኛ ደግሞ ነገ ሁለት ሰፈር ይሰጥሻል። ተናገርሽ ማለት ‹ድሮም ያልተማረች› ለሚሉሽ ዱላውን አቀበልሻቸው ማለት ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡ ከገባ ቆየ» አለች ራዕይ፤ የብየዳ መከላከያዋን ፊቷ ላይ አወረደችው። ከሥሩ ምን እንደሆነች መዝገቡ አላየም። አልጠየቀምም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ በወረዳው አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ወደ አርባ ሰው ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጋሽ ገብረአምላክ ናቸው፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ስብሰባ ሲመሩም ተሳፋሪ የሚያስጠጉ ይመስል እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እንግዶቹ ከፊት ተደርድረዋል። እትዬ ጫልቱ ሶሊን ታቅፋ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ መንገድ ዳር መከለያ እንዲሠራ ልታመለክት ነው የመጣችው። ግድግዳው ላይ የሜዳው ፎቶ በራ፣ ቅስቱ ከሰማይ በታች ቁልጭ ብሎ፣ ከሥሩ «የልጆች ምርጫ፦ ስልሳ ስድስት በመቶ» እና «ዲዛይነር፦ ራዕይ ወንድሙ» የሚል።

«ይሄ የኔም፣ የቢሮም ሥራ አይደለም» አለ ባሮክ። «የልጆቹ ነው። እንዴት እንደመረጡ ራዕይ ትነግራችኋለች።»

ራዕይ ተነሣች። ስሟን ግድግዳው ላይ እንደገና አነበበችው። «የአመራረጡ ዘዴ አንዳንድ ጉድለቶች…» ብላ ጀመረች፤ የራሷ ድምፅ በጆሮዋ የቢሮ ደብዳቤ ሆኖ ተሰማት። አቆመች።

«ምርጫው ልክ አልነበረም» አለች። «ልጆቹ በቆርኪ ነው የመረጡት። ወንዶቹ ከምርጫው በፊት የሴቶቹን ቆርኪ ተጫውተው በሏቸው። ሴቶቹ የሚጥሉት አልነበራቸውም። እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር። ላስቆም እችል ነበር፤ አላስቆምኩም። የሚያሸንፈው የኔ ሥዕል ስለነበረ ነው።»

ከመሃል አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሳቁም በአዳራሹ ተዛመተ። ጋሽ ገብረአምላክም ጥርሳቸው ታየ።

«ልጄ» አሉ፣ «ልጅ ቆርኪ ተበላ ብሎ ሸንጎ የተቀመጠ አገር አላየሁም። እኛም ስንቱን ተበልተን ነው ያደግነው።»

«እርስዎ የተበሉት ቆርኪ ነው፣ ጋሽ ገብረአምላክ። እኔ የሰጠኋቸው ድምፅ ነበር። ድምፅ መሆኑን እያወቀ ሜዳው ላይ የቆመ ትልቅ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ባሮክ ጆሮው ቀልቷል። «ራዕይ፣ ይሄ እኮ ሊሚቴሽን፣ የዘዴው ውስንነት፣ ነው የሚባለው፤ ሪፖርቱ ላይ እናስገባዋለን። እኔም ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ጥፋቱ የጋራ ነው።»

«አንተ መንገድ ላይ ነበርክ። እኔ እዛው ነበርኩ።»

ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ራዕይ ከዚህ በኋላ ያለውን ወደ በሩ ዞራ ተናገረች። «ሴቶቹ ልጆች መንገድ ዳር የወጡት ቦታ ስላጡ ነው። ውዳሴ ባለጌ ሆና አይደለም። የጓደኞቿን ቆርኪ አስይዛ ሊሾው እንዲሠራ ልታሸንፍላቸው ሞክራ ተበላች። እነሱም ሜዳውን አስበላሽን ብለው በመንገዱ በኩል ያቆሟት ነበር። ይሄን ልጅቷ ለናቷም አልነገረችም።»

እትዬ ጫልቱ ተነሣች። ሶሊ የጆሮ ጉትቻዋን ይጎትታል፤ አላስተዋለችውም።

«ብርቱካን ይዘሽ ቤቴ ስትመጪ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«ምርጫውን አውቅ ነበር። የሷን እዛው ነው የሰማሁት።»

«ልጄን ስረግም ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ።»

«አዎ።»

እትዬ ጫልቱ ረዘም አድርጋ አየቻት። ያች ድምጿ ከሚዛኗ የሚቀድመው ሴት፣ ከፊት የተቀመጡት እንግዶች አንገታቸውን ካልመዘዙ በማይሰሙት ድምፅ «ለኔ መንገርሽ ምን ይሠራልኛል» አለች። «ለሷ ንገሪያት። እኔም የምነግራት አለኝ። ግን አንቺ ቅደሚ።»

ከአስኮ የመጡት ሰዎች ተያዩና እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ባሮክ ግድግዳው ላይ የነበረውን ፎቶ አጠፋው። የሁለቱ ሰፈር ሥራ «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ፤ ከቢሮ «ባለሙያ» ይላካል። የኮልፌው ሜዳ ምን እንደሚሆን ኮሚቴው ሰኞ ያያል። ራዕይ ስትወጣ በሩ ጋ አንዱ ለጎኑ ሰው «ድሮስ ያልተማረች…» ሲል ሰማችው። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሰው እራቱን የሚበላው የምላሷን ቁስል እያሻሸ ነበር። አልፋው ሄደች።

ውዳሴ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳ ተደግፋለች። ራዕይ በዚህኛው ቀን በሩን አላለፈችውም። ገብታ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ በአዳራሹ የተናገረችውን፣ እናቷም እንደሰማች ጭምር፣ ሳታሳጥር ሳታስረዝም ነገረቻት። ልጅቷ የጄሶውን ክሮች አንድ በአንድ እየነቀለች ሰማች።

«ዩሱፍ ሲበላኝም አይተሻል?»

«የመጨረሻዋን ስትወረውሪ እያየሁሽ ነበር።»

«ከዛ ሌላ ስጪኝ ስልሽ ‹ማን ተበዪ አለሽ› አልሽኝ።»

«አልኩሽ።»

«ልትሰጪኝ ትችይ ነበር?»

ለዚህ መዋሸት ይቻል ነበር። ማንም አልቆጠረውም፣ ማንም አያውቀውም።

«የቆርኪው ፌስታል ውስጥ ከመቶ በላይ ተርፎ ነበር» አለች ራዕይ።

ውዳሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ራዕይ ልቅሶ ወይም ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ ቢሆን ትመርጥ ነበር። ልጅቷ ግን ልክ እንደ ትልቅ ሰው ሁለት ጊዜ አፍንጫዋን ሳበችና ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረች።

«እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም» አለች። «ራሷን ልታወጣ ነው ይሉኛል። አንቺ ንገሪያቸው።»

«ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሁሉንም ሰብስቤ…»

«አሁን። በየቤታቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ወላጆቻቸውም አሉ፤ እነሱም ይስሙ። እናቶቻቸው እኮ ከሷ ጋር አትጫወቱ ብለዋቸዋል።» በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ ሰባት ቤት፣ በየትኛው ቅያስ፣ የትኛው በር። ከሄቨን ይጀመራል፣ በምሥራቅ ይጨረሳል። «ምሥራቅ የመጨረሻ ትሁን፣ እሷ ክፉ ናት። ደግሞ ‹ይቅርታ› ብለሽ አትጀምሪ። ይቅርታ ሲባል ሰው ‹ምንም አይደል› ይልና ሌላውን አይሰማም። ‹ውዳሴ አላስበላችሁም› ብለሽ ጀምሪ።»

«እሺ።»

«ሊሾውስ?»

«አላውቅም። ሰኞ ኮሚቴው ያየዋል። ቃል አልገባልሽም።»

«አትግቢ» አለች ውዳሴ።

የሄቨን ቤት ምሳ ላይ ነበሩ። «እንብላ» አሏት፤ ቆማ ተናገረች። በመጀመሪያው ቤት ብዙ ተናገረች። ባሮክ እንደዘገየ፣ ፀሐዩ እንደከረረ፣ ልጆቹ ሊበተኑባት እንደነበር ሁሉ ተናገረች። የሄቨን አባት ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ። ሄቨን ግን አልሳቀችም፤ ትሪው ላይ አቀርቅራ «ታዲያ እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር?» አለች። በሁለተኛው ቤት ፀሐዩን ተወችው። በሦስተኛው ቤት ሰው አልነበረም፤ የጎረቤት ሴት ከላይ እስከ ታች እያየቻት ራዕይ ግማሽ ሰዓት ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀች። በአራተኛው የባሮክን መዘግየት ተወችው። በአምስተኛው አንዲት እናት «አንቺ ያቺ ኩራተኛዋ አይደለሽም?» አለቻት፤ ናት። በስድስተኛው ላይ የቀራት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ «እኔ ነኝ» ብለው የሚያልቁ።

የምሥራቅ ቤት በቅያሱ መጨረሻ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው እናቷ ናት፤ ምሥራቅ ከእናቷ ክንድ ሥር ብቅ አለች፣ አሥር ዓመት የማይሞላት፣ ቀጭን፣ ዐይነ ሹል።

«ውዳሴ አላስበላችሁም» አለች ራዕይ። «ሲበሏችሁ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መስጠት እየቻልኩ የከለከልኳችሁም እኔ ነኝ።»

ምሥራቅ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነገሩን መዘነችው። እናቷ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ ቀደመቻት።

«በመንገዱ በኩል መቆም የነበረብሽ አንቺ ነሻ።»

«አዎ» አለች ራዕይ።

ምሥራቅ ጫማዋን እስክታገኝ እንኳ አልጠበቀችም። በባዶ እግሯ በራዕይ ጎን ሾልካ ወደ ውዳሴ ቤት ቁልቁል ሮጠች፤ መንገድ ላይ የሄቨንን ስም እየተጣራች። እናትየዋ በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች ቀረች። «ግቢ» ትበላት ወይስ በሩን ትዝጋባት ገና አልቆረጠችም። ራዕይም አልሄደችም፤ የሚሆነውን ጠበቀች።